ተቃርበሃል

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ምክትል ኢንስፔክተር ረድዋን «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ሰው ይሆናል ብሎ አነሳው። ገና በመጣ ቁጥር ተረኛው እሱ ነዋ! ክርስቲያኖቹ ለገና ቤታቸው ሲገቡ ሙስሊሞቹ ጣቢያውን ይጠብቃሉ፣ ለዒድ ደግሞ ይገለበጣል። ማንም አልጻፈውም፤ ማንም አፍርሶትም አያውቅ።

«ኧረ ድረሱ! ጋሼ ተክሌን ገደሏቸው! ካሚል ነው! በደም ተነክሮ፣ ከነቢላው ያዝነው!»

ረድዋን ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ጋሼ ተክሌ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩት ሰው ናቸው። ካሚል ደግሞ የሚስቱ የመሊካ አጎት ነው። ከሁለቱ ስም የትኛው ይበልጥ እንዳስደነገጠው ዛሬም ብትጠይቁት አይነግራችሁም።

ሳጅን ኢየሩሳሌም ተረኝነቷን ጨርሳ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። ፊቱን ስታይ ነጠላውን መልሳ ወንበር ላይ ጣለችው።

«አርባ ሦስት ቀን ጾሜ፣ ልክ ዛሬ ልፈታ ስል!» አለች። እንዲህ አለች እንጂ መኪናው ውስጥ ቀድማው የገባችው እሷ ነች።

የጋሼ ተክሌ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ማንጎው ዛፍ ላይ ግማሹ የተገፈፈ ፍየል ተሰቅሏል። ከሥሩ ጋሽ ካሚል እጃቸው በገመድ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸው እስከ ክርናቸው ደም ነው። የጋሼ ተክሌ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ይጮኻሉ።

«አንተ ነህ! ከእንግዲህ ምን ልበልህ ካሚል! ታቅፈኸው አገኘሁህ እኮ!»

ጋሼ ተክሌ አልሞቱም። አምቡላንስ ጭኗቸው ሊወጣ ነው። ግን ራሳቸውን አያውቁም፣ ትንፋሻቸውም ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ጣርማ በር ላይ ጉም ስላለ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ ቀስ ተብሎ እንደሚሄድ ሹፌሩ ለረድዋን በጆሮው ነገረው። ረድዋን የመምህሩን እጅ አንድ ጊዜ ያዝ አድርጎ ለቀቀ። ከዚያ ሄዶ የሚስቱን አጎት ገመድ ፈታ፤ በሕዝቡ ፊት ግን ካቴና አደረገላቸው። ሌላ ምን ያድርግ?

* * *

ስለ ጋሼ ተክሌ ቤት አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ሰውየው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሥራቸው ያረጁ የወንጀል ልቦለዶችን እየጠገኑ ለሰፈሩ ማዋስ ነው። ለገና ግን የራሳቸውን ይጽፋሉ። ታኅሣሥ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት ወደ ማታ ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቆሎና የሱፍ ውሃ ቀርቦ ያነባሉ። ክርስቲያን ነው፣ እስላም ነው አይባልም። ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ደብተሩን ዝግት! መጨረሻው ምዕራፍ በቡኒ ፖስታ ታሽጎ ሣጥን ውስጥ ነው፣ የሚነበበውም የገና ዕለት ከምሳ በኋላ። እስከዚያ እያንዳንዱ ሰው ገዳዩ ማን እንደሆነ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ አጣጥፎ፣ ወደ ቤተክርስቲያን ወይ ወደ ቤቱ ሲሄድ በር ላይ ያስረክባል። ጋሼ ወረቀቱን አይገልጡትም። ግንባራቸው ላይ ያስጠጉትና በሰውየው ጆሮ አንዲት ቃል ሹክ ይላሉ፤ ያቺን ቃል ለሌላ ማውራት ነውር ነው። የደረሰበት ሰው ከዶሮው ፈረሰኛ ይወጣለታል፤ እስላም ከሆነ ከፍየሉ ፍሪምባው። ለዚህ ነው በየዓመቱ ገና ጧት ጋሽ ካሚል መጥተው ፍየል የሚያርዱት።

ረድዋን ይህን ሁሉ በልጅነቱ አሳልፎታል። መርማሪ የሆነውም በዚሁ ጦስ ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

* * *

ክፍሉ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ዱላውን ነው። ጋሼ ተክሌ በጎረምሳነታቸው ገና የተጫወቱበት፣ ሁሌ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ቆልማማ ዱላ ነው። አሁን መሬት ላይ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ሽበትና ደም አለበት። የእንጨት ሣጥኑ ተከፍቷል። ሦስቱ የታሪኩ ደብተሮች ተበታትነዋል። ቡኒው ፖስታ ግን የለም።

«ኢንስፔክተር» አለች ኢየሩሳሌም ከጓዳ። «ይምጡማ። ለሥራ ነው ብዬ እንጂ ክዳኑን አልነካውም ነበር።»

ጓዳው ውስጥ ሁለት ድስት ነበር። አንደኛው እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፣ ባዶ ነው፤ ለእስላም እንግዶች የፍየሉ ሥጋ የሚሠራበት ነው። ሌላው ዶሮ ወጥ ነው። ኢየሩሳሌም ምራቋን እየዋጠች በጭልፋ ትቆጥራለች።

«ፈረሰኛው አለ። ታፋው አለ። መላላጫው አንድ ብቻ ነው፣ ሁለት መሆን ነበረበት። እንቁላሉ አሥራ አንድ። የትኛዋ ሴት ናት አሥራ አንድ እንቁላል የምትከት?»

አልጋው አጠገብ ካለው ትንሽ ጠረጴዛ ሥር ሳህን አገኙ። እንጀራው ግማሽ በግማሽ ተበልቷል። አጠገቡ የተጋጠ የመላላጫ አጥንት አለ።

ረድዋን እትዬ ብዙነሽን ማንጎው ጥላ ሥር አስቀምጦ ጠየቃቸው። ቅዳሴው ሲወጣ እሳቸው ለማኅበራቸው ዳቦ ሊቆርሱ ቀርተዋል፤ ጋሼን ጉልበታቸው ስለሚያማቸው መስፍን የሚባል የሰፈሩ ልጅ በባጃጁ ይዟቸው ሄደ። እሳቸው የደረሱት ከነጋ በኋላ ነው።

«ጋሼ እርስዎን ሳይጠብቁ ጾም ፈትተው ይሆን?»

«እሱ? አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ያለኔ አልፈታም። ቢሞትም አያደርገው!» አሉና «ቢሞትም» ማለታቸው ሲገባቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«እንግዲያው ሰው መጥቶ አብልተውታል።»

«እንግዳ ከገባማ ሳያበላ መች ይለቃል።»

«እትዬ» አለ ረድዋን ቀስ ብሎ፣ «ጋሽ ካሚል ክርስቲያን ያረደውን ዶሮ ይበላሉ?»

ሴትዮዋ አፋቸውን ከፍተው አዩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ቀይ ክር ድስቱ ላይ ያሰሩት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

* * *

ጋሽ ካሚል ቃላቸውን ሲሰጡ ቀና አላሉም።

«ሱብሒ ሰግጄ መጣሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ፍየሉም ታስሯል። እንደ ልማዴ ቢስሚላህ ብዬ አረድኩ፣ መግፈፍ ጀመርኩ። ጋሼ ቡራኬያቸውን ሳይሰጡኝ ቀርተው አያውቁምና ብጣራ፣ ዝም። ስገባ ወድቀዋል። ቀና ላደርጋቸው አቀፍኳቸው። ቢላው እጄ ላይ መኖሩን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።»

«ፖስታውን አይተዋል?»

«ምን ልሠራበት? ማንበብ እንደማልችል ታውቅ የለም እንዴ። ግምቴን የምትጽፍልኝ ብዙነሽ ናት።» ካቴናውን አዩት። «"አንተ ነህ" ያለችኝም እሷው ናት ረድዋን። ካቴናው ምንም አይደል። እሱ ነው የበላኝ።»

ሦስት ሰዓት ላይ አዛዡ ከደብረ ብርሃን ደወሉ። ለበዓል ቤተሰባቸው ዘንድ ናቸው፤ ወሬው ግን ቀድሞ ደርሷቸዋል።

«ተጠርጣሪው የሚስትህ አጎት ነው አይደል?»

«ነው ጌታዬ።»

«እንግዲህ ነገሩ ገብቶሃል። መርማሪ ቡድን አዝዣለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ይሆናል። ሰውየውን ይዘውት ይወጣሉ። እስከዚያ ቃል ተቀበል፣ ከተማውንም ጠብቅ።»

«ጌታዬ፣ ዶሮ ወጡ ላይ አንድ ነገር…»

«ረድዋን! በደም ከተነከረ ሰው ጋር ዶሮ ወጥ ልታመዛዝንልኝ ነው?»

ስልኩ ተዘጋ። ስምንት ሰዓት ቀርቶታል። ጋሽ ካሚል አንዴ በግድያ ሙከራ ተከሰው ያን የጣርማ በር ዳገት ከወጡ፣ ቢመለሱም ያው ሰው ሆነው እንደማይመለሱ ረድዋን ያውቃል። ጋሼ ተክሌ ደግሞ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከሞቱ ነገሩ አለቀ።

* * *

መስፍንን የገና መጫወቻው ሜዳ ዳር አገኘው። ሠላሳ ያልሞላው፣ ከወንዙ ማዶ ሰፈር ዘንድሮ ወደዚህ የተዛወረ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የሰፈሩን ቡድንም የሚመራ እሱ ነው። ሃያ የሚሆኑ ጎረምሶች ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ሩሯን ግን የሚመታት የለም። ሁሉም ዓይኑ ወደ ጋሽ ካሚል ቤት ነው።

«በር ላይ አውርጃቸው ሄድኩ» አለ መስፍን። «ብዙ ሰው ማመላለስ ነበረብኝ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።»

«ወደ ቤቱ ሰው ሲገባ አላየህም?»

«ጨለማ ነበር።»

ከጎረምሶቹ አንዱ ዱላውን መሬት ላይ መታ። «የሚስቱ አጎት እኮ ነው፣ ሊሸፍንለት ነው የሚዞረው! እኛ ራሳችን…»

«ዝም በል!» መስፍን ዞር ብሎ ጮኸበት። «ካሚል አላደረገውም። ቤቱን የነካ ከኔ ጋር ነው የሚተዋወቀው። ሩሯን ልቀቁና ተጫወቱ!»

ጎረምሶቹ እያጉረመረሙም ቢሆን መጫወት ጀመሩ። ረድዋን የልጁን ትከሻ ጨበጥ አደረገ። በዚያ ጧት ስለ ጋሽ ካሚል እንዲህ አፉን ሞልቶ የተናገረ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ረድዋንም ከልቡ አመሰገነው።

እትዬ ፈለቀች ግን ሌላ ነገር ሆኑበት። ከጋሼ ተክሌ ጀርባ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ፈረሰኛ አምሯቸው አንድም ጊዜ ገዳዩን ያልደረሱበት፣ አምናም ሣጥኑን ሲበረብሩ የተያዙ ናቸው። የሱቃቸውን በር በጀርባቸው ደግፈው አላስገባም አሉ።

«ከማኅበሩ ሴቶች ጋር ነበርኩ፣ ስንቱ ምስክር አለ! ቤቴ ምን አለህ?»

«ፖስታው ጠፍቷል እትዬ።»

«ወይ! እኔ ምን አውቄ!» አሉና ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ። የመፈተሻ ትእዛዝ ደግሞ በበዓል ቀን ማን ይፈርማል? ረድዋን ጥርሱን ነክሶ ተመለሰ። ሴትዮዋ ቢዋሹም ምስክሮቻቸው አይዋሹም፤ ስምንት ሴቶች አብረዋቸው ዳቦ ሲቆርሱ ነግቷል።

* * *

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱን ደብተሮች አነበባቸው። ታሪኩ የድሮ ነው፣ ገና መኪና ያልታየበት ዘመን። አሊዩ አምባ ገበያ ሊገባ የመጣ ሽማግሌ የጨው ነጋዴ ወንዝ ዳር ጎኑ ተሰብሮ ሞቶ ይገኛል። የሚጠረጠሩት ወንድሙ፣ አንድ የቡና ነጋዴ እና ግመል ነጂው ናቸው።

ረድዋን ደብተሩን ዘጋው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሼህ ሙዐዊያ የሚባሉ ሽማግሌ ከአሊዩ አምባ ለገበያ መጥተው ወንዙ ማዶ መንገድ ዳር ሞተው ተገኝተዋል። ጎናቸው ተሰብሯል። የገጫቸው ሰው አልታወቀም፤ ስባሪ መስታወት አልተገኘም፣ ምስክርም የለም። መዝገቡ የረድዋን ነበር። አሊዩ አምባ የሱም አገር ነው፤ ለሚስትየው «አገኘዋለሁ» ብሎ በአላህ ስም ቃል ገብቷል። እስካሁን ግን እጁ ባዶ ነው።

«ጋሼ የሆነ ነገር ያውቁ ነበር እንዴ?» አለ።

«ካወቁ ለርስዎ አይነግሩም?» አለች ኢየሩሳሌም።

«ይነግሩኝ ነበር።»

«የማያውቁትን ነገር ያውቃሉ ብሎ የፈራ ሰውስ?»

ረድዋን ቀና ብሎ አያት። በባዶ ሆድ እንዲህ የምታስብ ከሆነ ባትበላ ይሻላል ሲል ገረመው። ይህን ግን አልነገራትም፣ ትጣላው ነበር።

* * *

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። እትዬ ብዙነሽ ብቻቸውን ጣቢያ መጡ። ከሆስፒታል አዲስ ነገር የለም፤ የእህታቸው ልጅ እዚያ ሆና በየሰዓቱ ትደውላለች። ተቀምጠው እንባቸውን ሊጠርጉ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያነሱ ጫፉ ቋጠሮ ነው።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ። «ግምቶቹ! ትናንት ማታ ሰው እንዳይነካቸው ብሎ ሰጥቶኝ፣ ቤተክርስቲያን ይዣቸው አድሬ፣ እንደተቋጠሩ ውያለሁ!»

ቋጠሮው ተፈታ። አራት ብጣሽ ወረቀት።

የጋሽ ካሚል፣ በእትዬ ብዙነሽ እጅ የተጻፈ፦ «ወንድምየው ነው። ለቅሶ አብዝቷል።»

የራሳቸው የእትዬ ብዙነሽ፦ «የቡና ነጋዴው።»

የእትዬ ፈለቀች፦ «ግመሉ።»

«ግመሉ?» አለች ኢየሩሳሌም። «ግመሉን ማን ጠረጠረውና?»

ረድዋን ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስታ የኖረች ሴት ዘንድሮ ማንም ያላሰበውን ገመተች! ፖስታው የት እንዳለ ታወቀ፤ ከመች ጀምሮም ታወቀ፤ ግምቷን ከመጻፏ በፊት ነው።

ከዚያ አራተኛውን ገለጠ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ለኢየሩሳሌም ዝም ብሎ አቀበላት።

«ነጂው ሆን ብሎ አይደለም። የፊት መብራቱ ጠፍቶበት ነበር። ጋሼ፣ ሰው መሆኑን አላየም። መስፍን።»

ኢየሩሳሌም ወረቀቱን አስቀመጠችው። «ግመል የፊት መብራት አለው እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

ረድዋን ሜዳው ዳር ጨበጥ ያደረገውን ትከሻ አስታወሰ። «ካሚል አላደረገውም» ብሎ ነበር ልጁ። ይመስለኛል አላለም፣ አይሆንም አላለም። አላደረገውም። ይህን በእርግጠኝነት ሊያውቅ የሚችለው ያደረገው ሰው ብቻ ነው።

* * *

እትዬ ፈለቀች ፖስታውን ከበርበሬ ጆንያ ውስጥ እያለቀሱ አወጡት። «ለፈረሰኛ ብዬ ነው! ለአንድ ቁራጭ ሥጋ! ጧት ልመልሰው ስል ያ ሁሉ ጉድ ተሰማ፤ በኔ ሊላከክ ነው ብዬ ፈራሁ።»

መስፍንን ከሜዳው ሲያመጡት አልተከራከረም። ዱላውን ለጓደኛው ሰጥቶ ዝም ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ረድዋን ወረቀቱን በመስፍን ፊት ዘረጋው።

«ጋሼ በሕይወት አሉ?» አለ መስፍን።

«እስካሁን አሉ። ይህን ስትጽፍ ምን አስበህ ነው?»

ልጁ ወረቀቱን እንጂ ረድዋንን አላየም። «ሲያነቡት እኔን እኔን እያዩ መሰለኝ። ዘመኑን ለውጠውታል እንጂ ነገሩ የኔ ነው። ሽማግሌ፣ ወንዝ ዳር፣ ጎኑ የተሰበረ። እንዲራሩልኝ ብዬ ጻፍኩት።»

«ከዚያስ?»

«ወረቀቱን ግንባራቸው ላይ አደረጉና በጆሮዬ "ተቃርበሃል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሴውም አልተሰማኝ። ቤት ሳደርሳቸው ካልበላህ አትሄድም ብለው አስገቡኝ፣ አበሉኝ። መጨረሻውን አሳዩኝ አልኳቸው። እየሳቁ ሣጥኑን ሲከፍቱ ፖስታው የለም። "ይህቺማ የረድዋን ሥራ ናት፣ ከልጅነቱ መጨረሻውን ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም" አሉ።» ልጁ ቀና አለ። «ለርስዎ የሰጡዎት መሰለኝ። በቃ፣ ታውቋል ብዬ… ዱላው እዚያው ነበር። አንዴ ነው። አንዴ ብቻ።»

ረድዋን ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። ስሙ በጨዋታ መነሳቱ ነው መምህሩን ያስመታቸው።

«ሼህ ሙዐዊያስ?» አለ። «ከባጃጅህ ወርደህ አየሃቸው?»

«አየሁ።»

«ሞተው ነበር?»

መስፍን አንገቱን ደፋ። «ይተነፍሱ ነበር» አለ።

ኢየሩሳሌም እስክሪብቶዋን አቆመች። ረድዋን የአሊዩ አምባዋን ሴትዮ አሰበ፤ ይህን ቃል እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት አሰበ። ልጁን መምታት አማረው። እጆቹን ጠረጴዛው ሥር አስገባቸው።

«መጨረሻው ምን ይላል?» አለ መስፍን። «ስሜ አለበት?»

ረድዋን ፖስታውን ከፍቶ የመጨረሻውን ገጽ አነበበለት። ድምፁ ልክ ክፍል ውስጥ ተነስቶ እንዲያነብ ሲታዘዝ እንደነበረው ነው።

«"ነጋዴውን የገደለው ሰው አልነበረም። አጠገቡ የተኛው የራሱ ግመል ጅብ ሰምቶ ደንግጦ ሲነሳ ረገጠው። አገሩ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እርስ በርሱ ሲጠራጠር ከረመ።" በቃ። ይኸው ነው።»

መስፍን የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ ጠበቀ። «እና እኔን… ተቃርበሃል ያሉኝስ?»

«ለሁሉም ነው የሚሉት» አለ ረድዋን። «በየዓመቱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው። ለኔ አሥራ አንድ ጊዜ ብለውኛል። አንድም ቀን ተቃርቤ አላውቅም።»

ልጁ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ለቅሶ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ተሰማ። ረድዋን አዘነለትም፣ አላዘነለትምም።

* * *

መርማሪዎቹ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ደረሱ። ይዘውት የሚወጡት ሌላ ሰው፣ ከአንድ መዝገብ ይልቅ ሁለት መዝገብ ሆኖ ጠበቃቸው። ሊሄዱ ሲሉ ስልክ ጮኸ፣ ኢየሩሳሌም አነሳችው፣ ሰማች፣ ጮኸች።

«ዓይናቸውን ገለጡ! ተናገሩ! "እኔ ሳልመጣ መጨረሻውን እንዳታነቡላቸው" ነው ያሉት!»

ረድዋን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቁልፉን ይዞ ሄደ።

ጋሽ ካሚል ሲወጡ እትዬ ብዙነሽ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀይ ክር የታሰረበትን ድስት በጨርቅ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

«አንተ ያረድከው ነው» አሉ። «የተረፈውን እኔው ገፈፍኩት፣ ሠራሁት። እህል አልቀመስኩም ካሚል። አንተ ሳትበላ አልፈታም ብያለሁ። እምቢ ካልከኝም መብትህ ነው።»

ጋሽ ካሚል ድስቱን አዩት። ካቴናው የበላውን የእጃቸውን አንጓ አሹት።

«ያልሽው ቃል ነገ ይወጣልኝ አይወጣልኝ አላውቅም ብዙነሽ» አሉ። «ለማስመሰል ወጥቶልኛል አልልሽም።»

«አትበል።»

«ዛሬ ግን ርቦኛል።» ድስቱን ተቀበሏቸው። ጥቂት ራመድ ካሉ በኋላ ቆሙ። «ግምቴን ልክ እንዳልኩሽ ጽፈሽልኛል?»

«አንዲት ቃል አልቀነስኩም።»

«ወንድምየው ነው አላልኩም? እ? ደረስኩበት?» ብለው ወደ ረድዋን ዞሩ። ቀኑን ሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ተዘግተው ይህንንም ሲያብሰለስሉ ነበር ለካ!

ረድዋን መልሱን ያውቀዋል፤ ፖስታው ኪሱ ውስጥ ነው። ግን የመምህሩ ትእዛዝ አለ። ወደ ሚስቱ አጎት ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ተቃርበዋል» አላቸው።

ጋሽ ካሚል ከት ብለው ሳቁ፣ ሳቃቸው መሃል ላይ እንባ ሆነ። ኢየሩሳሌም ነጠላዋን አንስታ፣ ዶሮ ወጡን ሞቅ ያድርጉልኝ ብላ ለእትዬ ብዙነሽ እየነገረች ከኋላቸው ተከተለች።